የእግሬን ጣት መንካት አቅቶኝ ዮጋ መጀመር እችላለሁ?

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ። ዕድሜዬ 43 ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው የምሠራው። ማታ ከወንበሬ ስነሳ ወገቤን ይይዘኛል። አንገቴና ትከሻዬ ይወጠራል። እንቅልፌም እንደ ድሮው አይደለም። ጓደኞቼ ዮጋ ጀምሪ ይሉኛል። አንድ ቀን ቪዲዮ ከፍቼ ሞከርኩ። ጎንበስ ስል እጄ ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ። እንደ እንጨት ደርቄያለሁ። በዚያ ላይ የደም ግፊት አለብኝ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። እውነት ዮጋ ለእኔ ዓይነት ሰው ይሆናል? ከየት ልጀምር? በሳምንት ስንት ቀን? ደግሞስ የሚባለውን ያህል ጥቅም አለው ወይስ ወሬ ነው?»

ምላሽ፦

ይሆናል። በደንብ ይሆናል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ እኔን የሚያሳስበኝ ሰውነቱ የደረቀው ሰው አይደለም። የሚያሳስበኝ ገና በመጀመሪያው ቀን እንደ ላስቲክ የሚተጣጠፈው ነው። መገጣጠሚያው ከልክ በላይ ልል ለሆነ ሰው «በቃ» የሚለው ምልክት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሳያውቀው ጅማቱን ይጎዳል። የእርስዎ ሰውነት ግን ቶሎ ይናገራል። እሱን መስማት ከለመዱ ጥሩ ጠባቂ ነው።

እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ጀማሪዎችን ዮጋ አስተምራለሁ። «መጀመሪያ ትንሽ ልፍታታና እመጣለሁ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ተመልሰው አይመጡም። መፍታታቱን የሚያመጣው ልምምዱ ስለሆነ ቀድሞ የሚገኝበት መንገድ የለም።

ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከፎቶ ይመስለኛል። ፎቶ የሚያሳየው የሰውነትን ቅርጽ ብቻ ነው። ሰውዬው እየተነፈሰ ይሁን ትንፋሹን ይዞ እያቃሰተ አይታወቅም። በዮጋ ግን ትልቁ ነገር እሱ ነው። ቃሉ ራሱ የመጣው በሳንስክሪት «ዩጅ» ከሚለው ሥር ሲሆን መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። ቀንበር እንደ ማለት ነው። ሰውነትና ትንፋሽ በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ያስቡት። አንዱ ቀድሞ ከሮጠ ሌላው ይጎተታል፣ እርሻውም ይበላሻል። በጥንቱ የዮጋ ጽሑፍ ውስጥ ስለ አቀማመጥ የተሰጠው መስፈርትም ሁለት ቃል ነው። «ስቲራ» እና «ሱካ»። የጸና እና የሚመች። ጣት ስለመንካት የተባለ ነገር የለም።

ስለዚህ አንድ ሕግ ብቻ ይያዙልኝ። ሌላው ቢረሳዎት ግድ የለም። በማንኛውም እንቅስቃሴ መሃል ትንፋሽዎ ከተቆረጠ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ሳያውቁት ከያዙት፣ ከአቅምዎ አልፈዋል። ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሱ። ትንፋሹ ረጋ ብሎ ሲመለስ ያ ቦታ የዛሬው ቦታዎ ነው። መምህር ባይኖርም፣ መስታወት ባይኖርም፣ ይህ መለኪያ ሁልጊዜ አብሮዎት አለ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ጎንበስ ሲሉ እጅዎ ጉልበት አካባቢ የቆመው ጡንቻዎ ስላጠረ ብቻ አይደለም። ጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚለኩ ጥቃቅን ስሜት ተቀባዮች አሉ። ጡንቻው በፍጥነት ወይም ባልለመደው መጠን ሲለጠጥ ለነርቭ ሥርዓቱ መልእክት ይልካሉ። መልሱም «ኮምትር» የሚል ነው። ጡንቻው ራሱን ይይዛል። እንግዲህ እርስዎ በጉልበት በገፉ ቁጥር እሱም ይበልጥ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው የሚያገኘው መፍታታት በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ የሚመጣ አይደለም። የነርቭ ሥርዓቱ «ይህ ቦታ አደጋ የለውም» ብሎ ስለፈቀደ ነው። ፈቃድ ደግሞ በጉልበት አይገኝም። ቀስ ብሎ በመግባት፣ በመቆየትና ረጅም ትንፋሽ በማውጣት ይገኛል።

ይህን እኔ ራሴ የተማርኩት በሕመም ነው። ገና ስጀምር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ወደ ፊት ስናጎነብስ መምህሩ ከኋላዬ መጥቶ ጀርባዬን ተጫነኝ። ከመቀመጫዬ አጥንት ሥር አንድ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ። ዝም አልኩ። «እንዲህ ነው መሰለኝ» ብዬ። ከዚያ በኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ራሱ ለወራት አመመኝ። የታፋ የኋላ ጡንቻዎች ከመቀመጫ አጥንት ጋር የሚያያዙት በጅማት ነው። ጅማት የሚደርሰው ደም ከጡንቻ ያነሰ በመሆኑ ሲጎዳ ቶሎ አይድንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው። ዛሬ ለተማሪዎቼ ሁሉ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ መሳቡ የሚሰማዎት በታፋው መሃል ከሆነ ደህና ነው። ከአጥንቱ አጠገብ፣ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከጉልበቱ ኋላ ከሆነ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉና ይቀንሱ።

ጉልበት አጥፎ መሥራት፣ ወንበር ይዞ መሥራት፣ መጽሐፍ ደርድሮ እጅን ማሳረፍ የጀማሪ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ተሳስተዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዮጋን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ቢ ኬ ኤስ አየንጋር (1918–2014 እ.ኤ.አ.) ልጅ ሳሉ ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ያሠቃያቸው ደካማ ልጅ ነበሩ። ዮጋ የጀመሩት ማይሶር ከተማ፣ የእህታቸው ባል በነበሩት በመምህር ክሪሽናማቻሪያ ዘንድ ነው። የኋላ ኋላ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክ፣ ብርድ ልብስና ወንበር የማስተማሪያ ዕቃ እንዲሆኑ ትልቁን ድርሻ የተወጡት እሳቸው ናቸው። የታመመና የደረቀ ሰውነት ምን እንደሚፈልግ ያውቁ ነበርና።

አሁን ወደ ደም ግፊትዎ ልምጣ፤ ከሁሉ በፊት መነጋገር ያለብን እሱን ነው። ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ። ግፊቱ በመድኃኒት ተስተካክሎ ከሆነ ረጋ ያለ ዮጋ በአብዛኛው ችግር የለውም። ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ከዚያ በኋላም የሚተዉአቸው ነገሮች አሉ። በጭንቅላት መቆም የለም። በትከሻ መቆም የለም። ጭንቅላት ከልብ በታች ሆኖ ረጅም ጊዜ መቆየት የለም። ትንፋሽ መያዝ፣ እንዲሁም ፈጣንና ኃይለኛ የሆኑት የአተነፋፈስ ልምምዶች ለእርስዎ አይሆኑም። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ከተኙበት ወይም ካጎነበሱበት ብድግ ሲሉ ያዞራሉ። ስለዚህ አነሳስዎ ሁልጊዜ በሁለት ሦስት ደረጃ ይሁን። መድኃኒቱን ደግሞ «ዮጋ ጀምሬያለሁ» ብለው በራስዎ እንዳይተዉ። ይህንን አደራ እላለሁ።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም ስለሚኖሩ ጥቂት ልጨምር። ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንባቸውን አቋቋሞች ይተው፤ የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራሉ። አጥንቷ የሳሳ ሴት ጀርባን አጉብጦ በጥልቀት ማጎንበስንና በኃይል መጠማዘዝን ትተው፤ የአከርካሪ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ለነፍሰ ጡር የተዘጋጀ ክፍል ትፈልግ፣ የሚሞቅ ክፍል ውስጥም አትግባ። ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ያለበት መጀመሪያ ይመርመር። የወገብ ሕመም ከሽንት መቆጣጠር ማቃት፣ ከእግር መዛል ወይም ከብልት አካባቢ መደንዘዝ ጋር ከመጣ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

እንግዲህ እንጀምር። ለመጀመሪያው ወር የምመክርዎት 15 ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለ90 ደቂቃ ከመፍጨርጨር ይህ እጅግ ይሻላል። የነርቭ ሥርዓት የሚለምደው በመደጋገም ነውና። ከከባድ ምግብ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ሰዓቱን ሥራ እንደጨረሱ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ ባይሆን እመርጣለሁ፤ ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያሉት ዲስኮች ውኃ ስለሚስቡ ጠዋት ላይ ወጠር ይላሉ። የዚያን ሰዓት በጥልቀት ማጎንበስ ለሚያምም ወገብ ጥሩ አይደለም። ጠዋት ብቻ የሚመችዎት ከሆነ ከተነሡ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ምንጣፍ ከገዙ ውፍረቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ያለው በቂ ነው። በጣም ወፍራምና ለስላሳ ከሆነ ሚዛን ያሳጣል። የተለመደው ርዝመት 173፣ ወርዱ 61 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ካልሲ ያንሸራትታል፤ ባዶ እግር ይሻላል። ቀበቶው የሱሪ ቀበቶ ወይም ሻርፕ ይሁን። ብሎኩ ወፍራም መጽሐፍ ይሁን። የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር ደግሞ የግድ ያስፈልግዎታል።

መጀመሪያ በጀርባዎ ይተኙ። ጉልበትዎ ወደ ላይ የታጠፈ፣ መርገጫዎ መሬት የያዘ ይሁን። አንድ እጅ ሆድዎ ላይ፣ አንዱ ደረትዎ ላይ። በአፍንጫ ይተንፍሱ። አየሩ ሲገባ የሆድዎ እጅ ከፍ ይበል፣ የደረትዎ እጅ ብዙም አይንቀሳቀስ። እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። አዋቂ ሰው ተቀምጦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። እንዲህ ሲቆጥሩ ወደ ስድስት ይወርዳል። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ነው። ማስወጣቱን ማስረዘም ለሰውነት «ረጋ በል» የሚል መልእክት መላክ ነው። ካስጨነቀዎት ወይም ካዞረዎት ቁጥሩን ይተዉትና እንደወትሮዎ ይተንፍሱ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያ በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ። መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር። ጉልበትዎን ካመመዎት ብርድ ልብስ ያንጥፉበት። አየር ሲያስገቡ ደረትዎን ወደ ፊት ገፋ ያድርጉ፣ ጀርባዎ ቀስ ብሎ ይስመጥ። ሲያስወጡ እምብርትዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ ጀርባዎ እንደተቆጣች ድመት ይቆለመም። ይህ የድመትና የላም እንቅስቃሴ ይባላል። ለእርስዎ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ወገብ የሚርበው መለጠጥ ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው። ስምንት ጊዜ ያድርጉት። ግን አይቸኩሉ። እንቅስቃሴው ከትንፋሹ ጋር እኩል ይጀምር፣ እኩል ይለቅ። ትንፋሹ ሳያልቅ ጀርባው ከደረሰ ፈጥነዋል ማለት ነው። የእጅ አንጓዎን ካመመዎት በጡጫ ወይም በክርን ይደገፉ። ያው እንቅስቃሴ ወንበር ላይ ተቀምጦም ይሠራል፤ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ። ይህንን የሥራ ቦታዎ ይዘውት ይሂዱ።

አሁን ቪዲዮው ላይ ያሸነፈዎትን ማጎንበስ በሌላ መንገድ እንሥራው። ወንበሩን ግድግዳ ያስደግፉት። የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጅ ይያዙ። እግርዎን ወደ ኋላ እያራመዱ ከዳሌዎ ይታጠፉ፣ እጅዎና ጀርባዎ አንድ ቀጥ ያለ መስመር እስኪሆኑ። ጭንቅላትዎ በክንድዎ መሃል፣ ከልብዎ ዝቅ ሳይል። ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉት፤ በደንብ። ጀርባዎ ከጎበጠ ጉልበትዎን ገና ይበልጥ ያጥፉ። መቀመጫዎን ወደ ኋላ ሲገፉ ከብብትዎ እስከ ዳሌዎ ያለው ጎን ሲረዝም ይሰማዎታል። አምስት ረጅም ትንፋሽ ይቆዩ። ሁሉም ክፍል ውስጥ የሚያዩት «ወደ ታች ያጎነበሰ ውሻ» የሚባለው አቋቋም ይኸው ነው፤ በወንበር የተሠራ። የደም ግፊት ላለበት ሰው ይህኛው ይመረጣል። ከእሱ ሲወጡ ወደ ወንበሩ ተራምደው ቀስ ብለው ቀና ይበሉ።

ቀጥሎ አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ አድርገው ወንበሩን እንደያዙ የፊተኛውን ጉልበት አጠፍ ያድርጉ። የኋለኛው ዳሌ ፊት ለፊት፣ ጭኑ የሚጀምርበት ቦታ ላይ መሳብ ይሰማዎታል። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው የሚያጥርበት ቦታ ይህ ነው። በየጎኑ አምስት ትንፋሽ። ከዚያ ወንበሩን በአንድ እጅ ይዘው በአንድ እግር ይቁሙ። የሌላውን እግር መርገጫ ቁርጭምጭሚትዎ አጠገብ ያስደግፉ። ከጉልበትዎ ጎን አይጫኑት። ይህ የዛፍ አቋቋም ነው፤ ሚዛንን ያስተምራል።

ወለል ላይ ይመለሱና ጉልበትዎ ታጥፎ በጀርባዎ ይተኙ። አየር እያስወጡ ዳሌዎን ከመሬት ከፍ ያድርጉ። ትንሽ ከፍታ ይበቃል። ድልድይ ይባላል። የመቀመጫ ጡንቻዎ ካልሠራና ወገብዎ ከተጨናነቀ ዝቅ ይበሉ። ስድስት ጊዜ። ግፊትዎ ስላለ ላይ ሆነው አይቆዩ፤ ወጥተው ይመለሱ።

መጨረሻ ላይ ዝም ብሎ መተኛት አለ። በሳንስክሪት «ሻቫሳና» ይባላል፣ የሬሳ አቀማመጥ ማለት ነው። ስሙ የከበደባቸው ተማሪዎች አሉኝ፤ እኔም ብዙ ጊዜ ዕረፍት እያልኩ ነው የምጠራው። ብዙ ሰው ይህንን ዘሎ ይነሣል። እባክዎ አይዝለሉት። ብርድ ልብስ ይልበሱ፣ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ያድርጉ፣ አራት አምስት ደቂቃ ይቆዩ። ሐሳብ ይመጣል። ነገ የሚላከው ኢሜይል ይመጣል፣ ያልተከፈለ ሂሳብ ይመጣል። ከእሱ ጋር አይጣሉ። አንድ ትንፋሽ ሲወጣ ብቻ ይከታተሉት። እንቅልፌ እንደ ድሮው አይደለም ብለውኛል። ለዚያ ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርገው በዚህ ክፍል ነው። ማታ አልጋ ላይ የጎደለዎት መልቀቅ ነው፤ መልቀቅ ደግሞ እንደማንኛውም ነገር በቀን ይለመዳል።

ጥቅሙን በተመለከተ ወሬ ነው ወይ ብለዋል። ከፊሉ እውነት ነው፣ ከፊሉ ወሬ ነው። ለይቼ ልንገርዎት።

ማስረጃው ጠንከር የሚለው ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው መመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ጥናት 320 የወገብ ሕመምተኞችን ይዞ ዮጋን ከፊዚዮቴራፒ ጋር አወዳድሯል። ከ12 ሳምንት በኋላ ዮጋው ሕመምን በመቀነስም ሆነ እንቅስቃሴን በማሻሻል ከፊዚዮቴራፒው የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። የራሴ ሙያ ነው፤ ግን ደስ ብሎኝ ነው የምናገረው። ሌላም አለ፤ እሱንም መደበቅ አልፈልግም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ 228 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ዮጋንና ተራ የማፍታታት ስፖርትን አስተያየ። ሁለቱም መጽሐፍ ተሰጥቷቸው ራሳቸውን ከሚረዱት ሰዎች የተሻለ ውጤት አመጡ። በሁለቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው ዮጋ ውስጥ ተአምር እንደሌለ ነው። ወገብን የሚረዳው በመደበኛነት፣ ረጋ ብሎ፣ በጥንቃቄ መንቀሳቀሱ ነው። ዮጋ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ስለያዘና ሰው ስለሚወደው ይሠራል። ሰው የሚወደውን ይቀጥላልና።

ለደም ግፊት መጠነኛ መቀነስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። መጠነኛ የሚለውን ያስምሩልኝ። ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም እንጂ የሚተካው አይደለም። ጭንቀት፣ እንቅልፍ፣ ሚዛን ላይም የሚያበረታታ ነገር ታይቷል፤ ማስረጃው ግን የወገቡን ያህል የጠነከረ አይደለም። «መርዝ ያስወጣል» የሚባለውን ይተዉት። መጠማዘዝ ጉበትንም ኩላሊትንም አያጥብም፤ እነሱ ሥራቸውን ያውቃሉ። ክብደት ለመቀነስም ዮጋ ብቻውን ደካማ መንገድ ነው፤ ረጋ ያለ ዮጋ ቀላል ከሚባሉት እንቅስቃሴዎች ይመደባል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር። ስለዚህ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይጨምሩበት። ለግፊትዎም ቢሆን እርምጃው ትልቅ ወዳጅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መናገር አለብኝ። 15 ደቂቃ ዮጋ ዘጠኝ ሰዓት መቀመጥን አያካክስም። በየግማሽ ሰዓቱ ይነሡ። ውኃ ለመቅዳት ይሁን፣ ስልክ ቆሞ ለማናገር ይሁን፣ ብቻ ይነሡ። አንገትዎን የሚወጥረው ወደ ስክሪኑ ያሰገገ ጭንቅላት ከሆነ ስክሪኑን ወደ ዓይንዎ ከፍታ ያምጡት። ይህን ሳያስተካክሉ ዮጋ ብቻ መሥራት በአንድ እጅ እየጠረጉ በሌላው እንደ መበተን ነው።

ቤት ይሻላል ወይስ ክፍል? ከቻሉ የመጀመሪያዎቹን አራት ወይም ስድስት ጊዜያት መምህር ይይዎት። ጀርባዎ ሲጎብጥ እርስዎ አያዩትም፣ እሱ ያየዋል። ከዚያ ቤት መቀጠል ይችላሉ። መምህር ሲመርጡ ዲፕሎማውን ብቻ አይመልከቱ። ገና ሲገቡ «ሕመም አለብዎ?» ብሎ ይጠይቃል? ላልቻለ ሰው ሌላ አማራጭ ይሰጣል? ከመንካቱ በፊት ያስፈቅዳል? ሦስቱም «አዎ» ከሆነ ይቆዩ። «ሕመሙን ቻይው፣ ጥሩ ነው» ካለዎት ምንጣፍዎን ጠቅልለው ይውጡ። እኔ ያን ቀን ብወጣ ኖሮ ወራት አልታመምም ነበር። ከስልቶቹ መካከል «ሐታ» ወይም «አየንጋር» ለጀማሪ ይስማማሉ። «ሬስቶራቲቭ» የሚባለው ዕረፍት የሚበዛበት ነው፤ ለእንቅልፍዎ ይሞክሩት። «አሽታንጋ»ና «ቪንያሳ» ፈጣን ስለሆኑ ለኋላ ይቆዩ። ክፍሉ እስከ 40 ዲግሪ የሚሞቅበትን ዮጋ ግን ግፊት ያለብዎት ሰው ስለሆኑ አልመክርም።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልመልስ፤ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚጠይቁኝ ነው። ዮጋ የተወለደው በህንድ የእምነትና የፍልስፍና ባህል ውስጥ ነው። ይህን መካድ አይገባም። ዛሬ ግን ብዙ ክፍሎች የሚያስተምሩት የሰውነት እንቅስቃሴና አተነፋፈስ ብቻ ነው። ዝማሬ ወይም ሌላ ሥርዓት ያለበት ክፍል ካጋጠመዎትና ከእምነትዎ ጋር ካልሄደ፣ አለመሳተፍ ወይም ሌላ ክፍል መፈለግ መብትዎ ነው። ጨዋ መምህር ቅር አይለውም። ከላይ የጻፍኩት ልምምድም ከትንፋሽና ከጡንቻ ያለፈ ነገር የለበትም።

በመጀመሪያው ሳምንት ጡንቻዎ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊዝል ይችላል። ያ የተለመደ ነው። የሚወጋ፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም የሚያደነዝዝ ሕመም ግን የተለመደ አይደለም፤ ያቁሙና ያማክሩ። ለውጡን በእግር ጣት አይለኩት። ሌሎች ነገሮችን ይመዝግቡ። ከወንበር ሲነሡ ወገብዎ ስንት እርምጃ እስኪሄዱ ይይዝዎታል? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነቃሉ? ከወለል ሲነሡ በስንት እጅ ይደገፋሉ? ዛሬ ይጻፉት፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ያነጻጽሩት። ያኔም ጣትዎን ላይነኩ ይችላሉ። ወገብዎ ግን ሌላ ወሬ ይነግርዎታል ብዬ አምናለሁ።

ሐኪምዎን እስኪያገኙ ደግሞ ዛሬ ማታ የሚሠሩት አንድ ነገር ልስጥዎት። ከመተኛትዎ በፊት ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ያንጥፉና በጀርባዎ ይተኙ። ባትዎን ወንበር ላይ ያሳርፉ፤ ጉልበትዎ በትክክል እንዲታጠፍ መቀመጫዎን ወደ ወንበሩ ጠጋ ያድርጉ። ከጭንቅላትዎ ሥር ስስ ትራስ። ወገብዎ ወለሉ ላይ ሲዘረጋ ይሰማዎታል። አሥር ረጅም ትንፋሽ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከጠፋብዎት ከአንድ ይጀምሩ። ሲጨርሱ እግርዎን ያውርዱ፣ ወደ ጎን ዞር ይበሉ፣ እዚያው ጥቂት ይቆዩና በእጅዎ ተደግፈው ቀስ ብለው ይነሡ።